ጣና ዳር ወይን ከመትከላችን በፊት የተተከለውን እንወቅ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባሕር ዳር፣ ሐይቁን ተጠግተው ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ የምሠራ አስተናጋጅ ነኝ። የጣና ዳርቻ ለወይን እርሻ ይዋል የሚለውን የአንባቢ አስተያየት ጋዜጣችሁ ላይ አነበብኩት። ጸሐፊው የሚሉት፣ የወይን እርሻ ያላት ባቱ (ዝዋይ) ሐይቅ አላት፣ እኛም አለን፤ እዚያ ከሆነ እዚህ ምን ይከለክለዋል ነው። ምኞቱን አልጠላሁትም። ግን ወይን ሐይቅ ስላየ ብቻ አይበቅልም።

መጀመሪያ ዝናቡ አለ። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ይወርዳል። ባቱ የሚዘንበው የእኛን ግማሽ ገደማ ነው፤ የወይን እርሻው አፈርም አሸዋማ ስለሆነ ውሃ አያቁርም። የወይን ሥር ረግረግ አይወድም። ቅጠሉና ዘለላው ደግሞ እርጥበት ከበዛበት ይሻግታል። ነሐሴ ላይ ሸሚዝ አጥቦ ያሰጣ የባሕር ዳር ሰው ይህን ለማወቅ የግብርና ባለሙያ አያስፈልገውም። ሻጋታውን ለመከላከል መድኃኒት በላይ በላዩ መርጨት የግድ ነው፤ የተረጨው ታጥቦ የት እንደሚገባ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ጣና እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የወረረው እምቦጭ ይበቃዋል።

ሌላም ነገር አለ። የወይን ሐረግ በትውልድ አገሩ በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። እኛ አገር ያን ያህል ብርድ ስለሌለ የሚያስተኛውም የሚቀሰቅሰውም ገበሬው ነው። ሲገርዘው ያቆጠቁጣል፣ ውሃ ሲቀንስበት እድገቱን ገታ ያደርጋል። እንዲህ እያደረገ ዘለላው በደረቁ ወር እንዲደርስለት ጊዜውን ያሰላል። የመስኖ ውሃ ይዘጋል፤ የሐምሌን ዝናብ ግን ማን ይዘጋዋል? ጣና ዳር የሚሆነውንማ ዘጌ ድሮ ያውቀዋል፤ ቡናና ጌሾ ነው።

ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ባለችው ባቱ ሐረጉን ከፈረንሳይ፣ ከቦርዶ አምጥቶ ሲተክል፣ እርሻውን ዙሪያውን በቦይ ከልሎታል። ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ ነው። ይህቺ እንኳ ለእኛ አዲስ አይደለችም፤ አባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ማሳ ያለው ሰው ጉማሬ በሌሊት ወጥቶ ምን እንደሚሠራ ያጫውታችኋል።

እንግዲህ ወደ ራሴ ሥራ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ የወጣው የባቱው ወይን፣ ሪፍት ቫሊ፣ ጠርሙሱ ላይ የወይኑ ዝርያ ተጽፎበታል፦ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ከነጩ ደግሞ ሻርዶኔ። የከተማችንን ሜኑዎች ስታዩ ግን «ወይን ቀይ»፣ «ወይን ነጭ» ይልና ዋጋው ይከተላል። እንግዳው ምን ይዘዝ? የምረቃ ሰሞን አንድ አባት ልጃቸውን ሊያስደስቱ ቀይ ወይን አዘዙ። ካበርኔ ከፈትኩ። አንዴ ፉት አሉና ፊታቸውን አጨማደው፣ «አንተ ልጅ፣ ይኼ ኮምጥጧል፤ ቀይርልን» አሉኝ። «ጋሼ፣ አልተበላሸም፤ ስኳር የሌለው ስለሆነ ነው» ብል ማን ይስማኝ፤ ወይን ብለው የሚያውቁት ጣፋጩን አክሱማይት ነው። ሜርሎ በብርጭቆ አምጥቼ፣ ጥብሱን ጎረስ አድርገው እንዲቀምሱት ለመንኳቸው። ሁለቱን ብርጭቆዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው እያፈራረቁ ሲቀምሱ ቆዩና «ታዲያ ይኼኛው ሌላ ነው አትለኝም ነበር?» አሉ።

ልዩነቱ እኮ እንዲህ ጎን ለጎን ሲቀመስ ነው የሚገባው። ሜርሎ ለስለስ ይላል። ካበርኔ ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም ነው፤ ያ ድድ ጨምድዶ የሚይዘው፣ ያለ ስኳር እንደ ጠጡት ጠቆር ያለ ሻይ የሚያደርገው ነገር ከልጣጩና ከዘሩ ይመጣል። ሁለቱም የቦርዶ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 የካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዘረመል ምርመራ እንዳረጋገጡት፣ ካበርኔ ሶቪኞን የቀዩ የካበርኔ ፍራንና የነጩ የሶቪኞን ብላን ልጅ ነው። ከአባትና ከእናቱ አንዱ ነጭ መሆኑን ስነግራቸው የማይገረም እንግዳ አላየሁም። ሲራ ከፈረንሳይ ሮን ሸለቆ የመጣ ሲሆን የቁንዶ በርበሬ ሽታ አለው፤ የደቡብ አፍሪካና የአውስትራሊያ ጠርሙሶች ላይ ሺራዝ የሚባለውም ያው እሱ ነው። ሻርዶኔም የፈረንሳይ፣ የቡርጎኝ ነው፤ ሎሚ ከተጨመቀበት የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ጋር እሱን የሚያህል የለም። አዋዜና ሚጥሚጣ ካለ ግን ካበርኔ አታዙ፤ ማቃጠሉን ያባብሰዋል።

ስለ ሙቀቱም አንድ ልበል። ቀይ ወይን «በክፍሉ ሙቀት» ይቅረብ የሚባለው ከብርድ አገር የመጣ ደንብ ነው። ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ የእኛ ክፍል 28 ዲግሪ ይገባል። በዚያ ሙቀት የቀረበ ወይን አልኮሉ ብቻ ነው አፍንጫ ላይ የሚወጣው። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ለጥቂት ጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ነው። አንድ ቤት ውስጥ ጠርሙሶቹ ለእይታ እንዲያምሩ በሐይቁ በኩል ባለው መስኮት ላይ ተደርድረው ሙሉ ቀን ፀሐይ ሲመታቸው አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ እንግዳው «የአገር ውስጥ ወይን አይረባም» ቢል ይፈረድበታል?

ለወይን እንግዳ ነን የሚሉም አሉ። እኔ አልቀበለውም። ለንግሥ ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ይዞ የማይሄድ ማን አለ? ዘቢቡ ቤተልሔም ገብቶ፣ ታጥቦ፣ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ ነው ለቅዳሴ የሚቀርበው። ከሐይቁ ምሥራቅ ደግሞ ድሮ ይፋግ በኩል ወይን ይተከል እንደነበር ሽማግሌዎች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ያ አስተያየት ሰጪ ይህን ይዘው እንደሚሟገቱኝ አልጠራጠርም። ይሁን፤ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ጥቂት ሐረግ ሌላ ነው፣ ፋብሪካ የሚመግብ እርሻ ሌላ።

ስለዚህ ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው፣ በመከር ሰሞን ጋዜጠኛ ወደ ባቱ ላኩና የሚገርዙትንና የሚለቅሙትን ሰዎች አነጋግሩልን፤ የትኛው ዝርያ እንደሚያስቸግራቸው፣ የትኛው ሙቀቱን እንደሚችል ከእነሱ አፍ እንስማው። የባሕር ዳር ባለሆቴሎችን ደግሞ፣ ሜኑው ላይ የወይኑን ዝርያ፣ የመጣበትን ቦታና ዓመተ ምህረቱን በአማርኛ አስጽፉልን እላለሁ። በጠርሙስ ብቻ ሳይሆን በብርጭቆም ብንሸጥ፣ ሰው ለአንድ ሙሉ ጠርሙስ ሳይከፍል ሁለት ዓይነት ቀምሶ የሚወደውን ይመርጣል። የተከፈተው ይበላሽብናል ለሚሉኝ፣ ቡሹን መልሶ ፍሪጅ ውስጥ ካቆሙት እስከ ማግሥቱ ይቆያል።

አክባሪያችሁ፣
አስተናጋጁ አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር