ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ የወንዞችን ገባሮች በቤት ስለማስጠናት

ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ሰላምታችንን እናስቀድማለን። ልጆቻችሁ በኅብረተሰብ ትምህርት የኢትዮጵያን ወንዞችና ገባሮቻቸውን መማር ጀምረዋል። ብዙዎቹ ይህን ክፍል የሚያጠኑት ስሞቹን በተርታ በቃል በመያዝ ነው፤ «በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር» እያሉ ሳይደናቀፉ ይወርዱታል። ጥያቄው ተገልብጦ «ጎጀብ ወደየትኛው ወንዝ ይገባል?» ሲባሉ ግን ይጠፋቸዋል፤ የያዙት ስሙን እንጂ ውሃው የሚሄድበትን መንገድ አይደለምና። ስለዚህ በቤት ስታስጠኗቸው ዝርዝሩን ትታችሁ ካርታ እንዲስሉ እንድታደርጉ አደራ እንላለን።

ነጭ ወረቀት፣ እርሳስና ላጲስ ይበቃል። በዓባይ ይጀምሩ። ከወረቀቱ መካከል ትንሽ ወደ ቀኝ ጣናን ይሳሉ። ወደ ሐይቁ ግልገል ዓባይን ከደቡብ፣ ርብንና ጉማራን ከምሥራቅ፣ መገጭን ከሰሜን ያስገቡ። ከባሕር ዳር የሚወጣውን መስመር መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ጎጃምን ከብበው ወደ ምዕራብ፣ በመጨረሻም ወደ ሰሜን ምዕራብ አዙረው ካርቱም ያድርሱት። ገባሮቹ የሚጨመሩት ይህ ዋና መስመር ካለቀ በኋላ ነው። በግራ በኩል በቅደም ተከተል በሽሎ፣ ወለቃ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ፊንጫ፣ ዲዴሳና ዳቡስ ይገባሉ። በቀኝ ከጎጃም ጨሞጋና ብር፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ በለስ ይገባሉ። ዲንደርና ራሃድ ከኢትዮጵያ ቢነሱም ዓባይን የሚያገኙት ሱዳን ውስጥ ነው።

ልጆች እዚህ ላይ የሚሳሳቱት በግራና ቀኝ ነው። የወንዝ ግራና ቀኝ የሚታወቀው ፊትን ውሃው ወደሚሄድበት አዙሮ ነው። ዓባይ ወደ ምዕራብ ከታጠፈ በኋላ ግራው የወረቀቱ ታችኛው ክፍል ይሆናል። መስመሩን በጣት እየተከተሉ ወረቀቱን አብሮ ማዞር ችግሩን ያቃልለዋል። ሌላው ስሕተት የካርታን ላይ ከፍታ፣ የካርታን ታች ቁልቁለት ማድረግ ነው፤ እንዲህ የሚያስብ ልጅ ወንዝ ወደ ሰሜን መፍሰሱ አይገባውም። ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ካርቱም ደግሞ ከ400 ሜትር በታች መሆናቸውን በካርታው ላይ ይጻፉ።

የዓባይ ካርታ ሲያልቅ በየምሽቱ አንድ ተፋሰስ (ዝናቡ ወደ አንድ ዋና ወንዝ የሚሰበሰብበትን አካባቢ) ይጨምሩ፤ 20 ደቂቃ በቂ ነው። በማግስቱ ያንኑ ካርታ ሳያዩ እንደገና ይሳሉት፤ እናንተም የተሳሳተውን መስመር ብቻ አሳዩአቸው። ለእያንዳንዱ ገባር ከየት ይነሳል፣ ወደማን ይገባል፣ ውሃው በመጨረሻ የት ይደርሳል ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ልጅ የሚወድቀው በሦስተኛው ጥያቄ ነው።

ለምሳሌ «ተከዜ የዓባይ ገባር ነው» የሚል መልስ በየዓመቱ ይመጣል። ተከዜ ሱዳን ሲገባ ሰቲት ተብሎ ከአትባራ ጋር ይቀላቀላል፤ አትባራም ናይልን የሚያገኘው ነጭ ዓባይና የእኛው ዓባይ ካርቱም ላይ ከተገናኙ በኋላ፣ ከዚያ በስተሰሜን ነው። ባሮ ደግሞ በሶባት ወንዝ በኩል አድርጎ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ማላካል አጠገብ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። የዓባይ፣ የተከዜና የባሮ ውሃ ሦስቱም ናይል ይደርሳል፣ የሚደርሱበት መንገድ ግን የተለያየ ነው።

የጅማ አካባቢን በደንብ ቆም ብላችሁ አስጠኑ። ዲዴሳና ጊቤ የሚነሱት ከሚጎራበቱ ከፍታዎች ነው። የዲዴሳ ውሃ በዓባይ በኩል ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይጓዛል፤ ጊቤ ግን፣ ጎጀብም እንደዚሁ፣ ኦሞን ሆኖ ቱርካና ሐይቅ ላይ ያበቃል። ስማቸው የሚቀራረብ ወንዞችም ያደናግራሉ። በትግራይ ያለው ጊባ የተከዜ ገባር ሲሆን፣ በኢሉባቦር ያለው ገባ ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮን ይፈጥራል። የሶፍ ዑመርን ዋሻ አቋርጦ የሚያልፈው ወይብም ከዋቢ ሸበሌ ጋር ይምታታል፤ እርሱ ግን የገናሌና የዳዋ ወገን ነው። ሦስቱ ዶሎ አካባቢ ተገናኝተው የጁባን ወንዝ ይፈጥራሉ።

አዋሽን ለማስጠናት ወደ እንጦጦ ውሰዷቸው፤ ለከተማችን ልጆች ከዚህ የተሻለ መማሪያ የለም። በደቡብ በኩል የወረደ ዝናብ በቀበናና በመሰሎቹ ወንዞች አድርጎ አቃቂ፣ ከዚያም አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። በሰሜን በኩል በሱሉልታ የወረደው ዝናብ በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል። ተራራው አናት ላይ ቆሞ ይህን በዐይኑ ያየ ልጅ የተፋሰስን ትርጉም አይረሳም። የቀሩትን የአዋሽ ገባሮች፣ ሞጆን፣ ከሰምን፣ ቦርከናን፣ ሚሌንና ሎጊያን፣ ቤት ሲመለሱ ይጨምሩ።

ልጆች በእጃቸው የሳሉትን የዓባይና የአዋሽ ካርታ ዓርብ ኅዳር 26 ይዘው ይምጡ። እባካችሁ አትሳሉላቸው፤ መምህራኑ የልጁ ስሕተት የት እንዳለ የሚያዩት በራሱ መስመር ነው። የተሰረዘና የተደለዘ ካርታ ነጥብ አያስቀንስም። የወንዞቹ ስም አጻጻፍ ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር አንድ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር