«ገጽታ» የሚሉት ሰበብ

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትም የመከራ ፊልሞች የአገር ገጽታ ያበላሻሉ የሚለውን አስተያየት አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ።

ጸሐፊው በምሳሌነት ያነሱት «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካች ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለች የ14 ዓመት ልጅ ትከሰሳለች፤ አንዲት ጠበቃ ትቆምላታለች። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1996 የተፈጸመ እውነተኛ ጉዳይ ነው። ያኔ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ የወንጀል ሕግ፣ ጠላፊው ከተጠለፈችው ጋር የጸና ጋብቻ ከፈጸመ አይከሰስም ይል ነበር። ይህን ማሳየት ገጽታ ማበላሸት ከሆነ ይበላሽ!

እኔን ቅር ያለኝ ሌላ ነው። ፊልሙ እየገፋ ሲሄድ ልጅቷ ትደበዝዛለች። የጠበቃዋን ሩጫና ክርክር በደንብ እናያለን። ልጅቷ ማታ ብቻዋን ስትቀር ምን እንደምታስብ ግን አናውቅም። (የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ግን ድንቅ ነው። ማንንም ጭራቅ አላደረጉትም።) ፊልሙ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት እግድ መቆሙም ከዚሁ አይርቅም። የእውነተኛው ጉዳይ ባለታሪክ ያለ ፈቃዴ ተሠራ ብላ አቤት ብላ ነበር። ሐያሲዎቻችን ይሄንን ትተው ስለ ገጽታ ሲጨቃጨቁ ይገርመኛል።

ልብ ወለዶቻችንም ላይ ያው ነው። የሴተኛ አዳሪዋ መከራ ገጽ ይሞላል፣ እሷ ግን ስትቀልድ እንኳ አንሰማትም። ምነው፣ የተቸገረ ሰው አይስቅም?

ቦታ ካላችሁ፣ የሰውን እውነተኛ ታሪክ ለፊልም ስለመውሰድ አንድ የሕግ ባለሙያና አንድ የፊልም ሰው አገናኝታችሁ ብታወያዩልን ደስ ይለናል።

አክባሪያችሁ
አንድ አንባቢ