ቁልፉ የማይከፈት ቀሚስ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው ሳምንት አንድ ጸሐፊያችሁ ሳይንሳዊ ልብወለድን ያሞገሱበትን ጽሑፍ አነበብኩ። ማሞገሳቸው ደስ ብሎኛል። ምክንያታቸው ግን አልተዋጠልኝም። ደራሲዎቹ ነገን ቀድመው ስላዩ ነው ይላሉ፤ ሰርጓጅ መርከቡ፣ የጨረቃ ጉዞው፣ ሮቦቱ። እንዲህ ከሆነማ የሳቱትም ይቆጠር። ሮቦት የሚለው ቃል የመጣው ከቼኩ ካሬል ቻፔክ ተውኔት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920 የታተመ። የሱ ሮቦቶች ታዲያ ብረት አይደሉም። ሥጋ መሰል ነገር እየተቦካ የተሠሩ ናቸው። ትንቢቱ ሳተ ብለን ተውኔቱን እንጣለው?

እኔ 26 ዓመት በማይክሮስኮፕ ደም ሳይ የኖርኩ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ልብወለድ ብዙም አላነብም ነበር። የእህቴ ልጅ እኔ ጋ ሰንብቶ ሲሄድ ሶፋው ላይ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ረሳ። «ሶላሪስ» ይላል። ፖላንዳዊው ስታኒስዋፍ ሌም እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳተመው ነው። አንድ ገጽ ልየው ብዬ ቁጭ አልኩ፤ ስነሳ መሽቷል።

ሶላሪስ ሁለት ፀሐይ ያላት ፕላኔት ናት። በሂሳቡ ከሆነ ምህዋሯ ተናግቶ ድሮ መጥፋት ነበረባት። አልጠፋችም። ለካ ላይዋን የሸፈነው ውቅያኖስ ሕያው ነገር ነው፤ ምህዋሯን የሚያስተካክለውም እሱ ነው። ኬልቪን የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ከውቅያኖሱ በላይ ወደተንሳፈፈው የምርምር ጣቢያ ይሄዳል። ሲደርስ ከሦስቱ ተመራማሪዎች አንዱ ራሱን አጥፍቷል። አንዱ በሩን ቆልፎ አልወጣም ብሏል። ሌላው ሰክሯል፤ የሆነውን ግን አይናገርም። ኬልቪን ተኝቶ ሲነቃ ሚስቱ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሚስቱ ከሞተች 10 ዓመት ሆኗታል።

እስከዚህ ድረስ የመናፍስት ወሬ ነው ማለት ይቻላል። እኔን የያዘኝ ቀሚሷ ነው። ልታወልቀው ስትል የቀሚሱ ቁልፎች ለጌጥ ብቻ የተሰፉ ሆነው ይገኛሉ። አይከፈቱም። ቀሚሱ ጭራሽ መክፈቻ የለውም፤ ካልተቀደደ አይወልቅም። እኔ እንደገባኝ ውቅያኖሱ ሴትዮዋን የሠራት ከባሏ ትዝታ ነው። ትዝታው ደግሞ ቁልፍ መኖሩን እንጂ አከፋፈቱን አልያዘም። መጽሐፉን አስቀምጬ የሟች እናቴን ሹራብ ለማስታወስ ሞከርኩ። ቀለሙ ወዲያው መጣልኝ። ኪስ ነበረው? እንጃ። ስንት ዓመት ያጠብኩት ሹራብ!

ከዚያ ወደ እኔ ሙያ መጣ። ኬልቪን ደሟን ወስዶ ያያል። ቀይ የደም ሴሉ ልክ ነው፤ እኔም ባየው «ኖርማል» ብዬ ፈርሜ የምልከው ዓይነት። ማጉያውን እየጨመረ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ግን አተሞቹ ሊታዩ በሚገባበት ቦታ ምንም የለም። ባዶ። ደሙ ላይ አሲድ ያንጠባጥብበታል። ደሙ ይጨሳል፣ ይበላሻል። ትንሽ ቆይቶ ከሥሩ እንደገና ቀይ ሆኖ ይወጣል። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ የመጀመሪያው ቃል «ናሙናው ይደገም» ነበር የሚሆነው። ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ደግሞ ጨነቀኝ፤ ምክንያቱም የደሙ ባለቤት ሰው አለመሆኗን ራሷም አታውቅም። ባሏን ትወደዋለች፣ ብቻዬን አትተወኝ ትለዋለች።

የእህቴ ልጅ የቤተ መጻሕፍቱን ምዕራፍ ዘልዬዋለሁ ብሎኛል። እኔ ግን የወደድኩት እሱን ነው። ሰዎች ይህን ውቅያኖስ ከመቶ ዓመት በላይ አጥንተውታል። መደርደሪያው በመጽሐፍ ሞልቷል። ውቅያኖሱ እየቀረጸ ለሚያወጣቸው ግዙፍ ቅርጾች ስም አውጥተዋል፤ ሚሞይድ፣ ሲሜትሪያድ እያሉ። መድበዋል፣ ለክተዋል፣ ተጣልተዋል። ምን እንደሚፈልግ ግን አንዳቸውም አያውቁም።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ምን እንደሆነ ያልለየሁት ሴል አጋጠመኝ። «አልታወቀም» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ወረቀቱን መልሶ ላከው፤ ስም ይጻፍበት አለ። ይቀርባል ያልኩትን ስም ጻፍኩና ፈረምኩ። ሌላ ሰው ይየው ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። ያ ወረቀት እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ሌም አንድ ሙሉ ልብወለድ ጽፎ «አልታወቀም» ብሎ ፈረመበት። እኔ በአንድ መስመር ያቃተኝን ማለት ነው።

እንከን የለውም አልልም። ሴትዮዋ የምትኖረው በሰውዬው ትዝታ ውስጥ ብቻ መሆኑ አንዳንዴ አናዶኛል። ትርጉሙም ዞሮ ዞሮ ነው የደረሰኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የእንግሊዝኛ ቅጂ ከፖሊሽ ሳይሆን ከፈረንሳይኛ የተመለሰ ነው። የሚስትየው ስም እንኳ በዋናው ሃሪ ሲሆን በኔ ቅጂ ሬያ ሆኗል።

ጸሐፊያችሁን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ጽሑፋቸው የትኛው ደራሲ ምን ቀድሞ እንዳወቀ ይተዉትና ሳይገባቸው የቀረውንና እንቅልፍ የነሳቸውን መጽሐፍ ይንገሩን። መጨረሻውን ግን እንዳይነግሩን፤ እኔም የሶላሪስን አልነገርኩም።

የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ መጽሐፌስ?» እያለ ሁለቴ ደውሏል። አልጨረስኩም አልኩት። ያልጨረስኩት ሁለተኛውን ዙር መሆኑን አልነገርኩትም።

አንዲት ጡረተኛ የላብራቶሪ ባለሙያ