የካምቦዲያ ሙዚቃ ለልጆቻችን፦ ለቅዳሜ ትምህርት ቤታችን ወላጆች

የተከበራችሁ ወላጆች፣

ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ልጆቻችን ከአማርኛ ክፍለ ጊዜ በኋላ የካምቦዲያን ባህላዊ ሙዚቃ ይማራሉ። "ክራርና ማሲንቆን በቅጡ ሳያውቁ?" ያላችሁኝ አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን የምንኖረው ካሊፎርኒያ፣ ሎንግ ቢች ነው። የካምቦዲያውያን ሰፈር፣ አናሃይም ጎዳና፣ እዚሁ አጠገባችን ነው። ልጆቻችን ከልጆቻቸው ጋር አንድ ክፍል ይማራሉ፣ አብረው ኳስ ይጫወታሉ። የጓደኛቸውን ሙዚቃ እንደ ጩኸት ሰምተው እንዲያልፉት አልፈልግም።

የምንጀምረው ፒንፒት በሚባለው የሙዚቃ ቡድን ነው። የቤተ መንግሥቱን ውዝዋዜ የሚያጅበው ይህ ቡድን ነው። ሮኔት የሚባለው መሣሪያ የእንጨት ወይም የቀርከሃ ርብራብ አለው፤ በሁለት በትር ይመታል። በኮንግ ቮንግ ደግሞ ተጫዋቹ በክብ የተደረደሩ የነሐስ ጎንጎች (እየተመቱ የሚያስተጋቡ ሳህኖች) መሃል ይቀመጣል። ምቱን የምትጠብቀው ቺንግ ናት፤ እርስ በርስ የሚመቱ ሁለት ትንንሽ የነሐስ ሳህኖች። ትንንሾቹን በእሷ እናስጀምራለን። ኖታ አንጠቀምም። በባህሉ ተማሪ መምህሩን እያየና እየሰማ ነው የሚይዘው።

ለዚህም ነው ክሜር ሩዥ የተባለው የካምቦዲያ ኮሚኒስት ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1979 ሲገዛ ጉዳቱ የከፋው። አብዛኞቹ አርቲስቶች አለቁ። ዜማው በእነሱ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። የተረፉት ጥቂት አዛውንቶች ናቸው እንደገና ወጣቶችን ያስተማሩት። ይህን ለትልልቆቹ ልጆች ብቻ እንነግራለን። ቤት ገብተው "እኛ አገርስ እንዲህ ያለ ዘመን ነበር?" ቢሏችሁ፣ እባካችሁ አታድበስብሱባቸው።

እኔ በጣም የምጓጓው ቻፔይ ለሚባለው የክር መሣሪያ ነው። አንገቱ ረጅም፣ አውታሩ ሁለት ነው። ተጫዋቹ እንደኛ አዝማሪ እዚያው ግጥም እየፈጠረ ይቀልዳል፣ ይመክራል፣ ይሸነቁጣል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 አስቸኳይ ጥበቃ ከሚሹ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ያረፉትን ማየት የተሳናቸውን ታላቁን የቻፔይ ሊቅ ኮንግ ናይን በቪዲዮ እናሳያቸዋለን።

ስለ እምነት ለጠየቃችሁኝ፦ ካምቦዲያውያን ሙዚቀኞች ከመጫወታቸው በፊት ለመምህራን መናፍስት ዕጣንና ፍራፍሬ ያቀርባሉ። ልጆቻችን ስለ ልማዱ ይማራሉ እንጂ አይካፈሉም። ግን መሣሪያን ተሻግሮ መራመድ እነሱ ዘንድ ነውር ነው፤ ይህን ቤት ሳሉ ንገሩልን።

ወለል ላይ ስለሚቀመጡ ምቹ ሱሪ አልብሷቸው። ማሲንቆ የምትጫወቱ ወላጆችም ለቻፔይ ዕለት መሣሪያችሁን ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል። ልጆቹ ሁለቱን ጎን ለጎን ይስሙ።

ከአክብሮት ጋር፣
ርዕሰ መምህሩ