የቅዳሜው ውይይት፦ ትራንስጀንደር አትሌቶችና የሴቶች ውድድር

ውድ አባላት፣

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት በተለመደው አዳራሽ ትራንስጀንደር ሴቶች (ሲወለዱ ወንድ ተብለው ራሳቸውን ግን ሴት የሚሉ) በሴቶች ውድድር ይሳተፉ ወይስ አይሳተፉ በሚለው ላይ እንወያያለን።

ሁለት ሰነዶችን አንብባችሁ ኑ። ዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ማዕቀፍ፣ ያለ ማስረጃ ማንም ብልጫ አለው ተብሎ አይገመት ብሎ ነበር። የዓለም አትሌቲክስን የሚመራው ወርልድ አትሌቲክስ ደግሞ በ2023 በወንድ ጉርምስና ያለፉ ትራንስጀንደር ሴቶችን ከዓለም አቀፍ የሴቶች ውድድር አገደ። የወንድ ሆርሞን (ቴስቶስትሮን) በሕክምና ቢቀንስም ቁመት እንደማይቀንስ አትርሱ። ለእኔ ከባዱ ጥያቄ ግን ለክብደት ማንሳትና ለዒላማ ተኩስ አንድ ዓይነት ሕግ ይበቃል ወይ የሚለው ነው።

ስድብና ፌዝ አይፈቀድም፤ የምናወራው ስለ ሰው ሕይወት ነው። የምትመጡና ሐሳብ ማቅረብ የምትፈልጉ፣ የመረጣችሁትን ስፖርት ጠቅሳችሁ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ መልሱልኝ።