ከጧፍ የተሠራ ሦስት ማዕዘን፦ የሳይንስና ፈጠራ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን የዘንድሮውን ሥራ የጀመረው በጥቅምት መጀመሪያ በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ ያገኘነውን አንድ አሮጌ ካርቶን በመክፈት ነበር። በውስጡ የተጠላለፉ ሽቦዎች፣ አንድ የአርዱይኖ ሰሌዳ (በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ ሁለት ዓይን የሚመስሉ ክቦች ያሉት የድምፅ ዳሳሽና ጫፉ የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቱቦ ነበሩ። ከዓመታት በፊት የነበሩ አባላት ለዓይነ ስውራን የሚያገለግል በትር ለመሥራት እንደሞከሩ ከዕቃው ያስታውቃል፤ ነገር ግን የትኛው ሽቦ ወዴት እንደሚገባ፣ ሙከራውስ የት ላይ እንደቆመ የሚገልጽ አንዲት ወረቀት እንኳ አልተገኘችም። ሠሪዎቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው በየዩኒቨርሲቲው ተበትነዋል። የእነርሱን ድካም ከቆመበት ማስቀጠል ስንችል እንደ አዲስ መነሣታችን አባላቱን ስለቆጫቸው፣ በዚያው ቀን አንድ ደንብ አጸደቁ፦ ማንኛውም ሥራ፣ የከሸፈውም ጭምር፣ ከነሥዕሉ በክበቡ መዝገብ ይጻፋል፤ መዝገቡም በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ለማንም ክፍት ይሆናል።

ከ22ቱ አባላት አንዱ የ10ኛ ክፍል ዓይነ ስውር ተማሪ ነው። ወደ ክበቡ የመጣው እንደማንኛውም አባል በፍላጎቱ ተመዝግቦ ሲሆን፣ የዓመቱ ሥራ አቅጣጫውን የያዘው በአብዛኛው በእርሱ አስተያየት እንደሆነ በግልጽ መጻፍ ይገባኛል።

በትሩን እንደገና ሠራነው። ዳሳሹ ለሰው ጆሮ የማይሰማ፣ 40 ኪሎ ኸርትዝ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ ይልክና የገደል ማሚቶው እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይለካል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አየር ውስጥ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ አንድ ሜትር ርቆ ከቆመ ግድግዳ ደርሶ ለመመለስ 6 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይበቃዋል፤ ይህንን ስሌት ተማሪዎቹ ራሳቸው ሠርተውታል። በኮሪደሩ ላይ በትሩ ግድግዳ በቀረበ ቁጥር ሲጮኽ ሁሉም አጨበጨቡ። ከዚያ ወደ ግቢው ወጣን። ከበሩ አጠገብ ባለው ክዳን የሌለው የውኃ ቦይ ዳር ሲደርስ በትሩ ዝም አለ፤ ተማሪው የቦዩን አፍ ያገኘው በእጁ በያዘው በራሱ ነጭ በትር ጫፍ ነው። ቆመና፣ “ቲቸር፣ ይኼ ጉድጓዱን አይነግረኝም፤ ጆሮዬን ግን ይወስድብኛል” አለኝ። ሰው ሲመጣ፣ ባጃጅ ሲታጠፍ የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ የእኛ ጩኸት ያንን ሸፈነበት። ደሴ ውስጥ ለሚመላለስ ዓይነ ስውር ዋናው ሥጋት ፊት ለፊት ያለ ግድግዳ ሳይሆን ክፍት ቦይ መሆኑን ማናችንም አስቀድመን አልጠየቅነውም ነበር።

ይህ ቃል በመዝገቡ እንዳለ ሰፈረ። ቀጥሎ በተደረገው ውይይት ተማሪው ራሱ ነጭ በትር የማይደርስበትን ነገር ነገረን፦ ከወገብ በላይ ያለውን፣ ማለትም ወደ ውጭ የተከፈተ መስኮት፣ የቆመ አይሱዙ ጭነት፣ ዝቅ ያለ የዛፍ ቅርንጫፍ። ዳሳሹን ወደ ላይ አዘንብለን በራሱ ነጭ በትር እጀታ ላይ አሰርነው፤ በጩኸቱ ምትክ ከተበላሸ ሞባይል የወጣች ትንሽ የንዝረት ሞተር ተተካች። አሁን ከመስኮቱ በፊት መዳፉን ትነዝረዋለች። ዝናብ ዳሳሹን ሲያረጥበው ግን መለኪያው ይዛባል፤ ይህም በመዝገቡ ተጽፏል።

በታኅሣሥ በአባላቱ መካከል ብርቱ ክርክር ተነሣ። መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ሌላ ትምህርት ቤት ወስዶት በዐውደ ርዕይ ይሸለምበታል የሚል ሥጋት ነበር። ሥጋቱን አላጣጣልኩትም፤ የለፉበትን ነገር ሌላው ሲመሰገንበት ማየት ለወጣት ልብ ከባድ ነው። ስለዚህ የሌሎችን ታሪክ አብረን አየን። ጣቶቹን እ.ኤ.አ. በ2011 በሥራ ላይ አደጋ ያጣው ደቡብ አፍሪካዊ አናጢ ሪቻርድ ቫን አስ፣ አሜሪካ ከሚኖረው ኢቫን ኦወን ጋር በኢንተርኔት ተገናኝቶ የሠራውን የሜካኒካል እጅ ንድፍ ሁለቱም የባለቤትነት መብት ሳይጠይቁበት እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ለቀቁት፤ ከዚያ ወዲህ በጎ ፈቃደኞች በልዩ ልዩ አገሮች ለሕፃናት እያሻሻሉ በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ ያትሙታል። በክርክሩ ማብቂያ አባላቱ በድምፅ ብልጫ፣ ሥራችንን የወሰደ ሁሉ ምንጩን እንዲጠቅስና ያሻሻለውንም በዚያው መንገድ ክፍት እንዲያደርግ የሚጠይቀውን የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ መረጡ።

በኮምፒዩተር ክፍል ያለው ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ቅርባችን ነው። ኤንቪዲኤ የተባለውን የስክሪን አንባቢ፣ ማለትም በኮምፒዩተር ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ዓይነ ስውሩ አውስትራሊያዊ ማይክል ከረን ሲሆን፣ ኋላም እንደ እርሱ ዓይነ ስውር የሆነው ጓደኛው ጄምስ ቴህ ተቀላቅሎታል፤ ፕሮግራሙ በነፃ ይገኛል፣ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው የድምፅ ሥርዓትም አማርኛ ያነባል። ድምፁ ደረቅ ነው፣ ፊደላችንም መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ይሳሳታል። “አለ” ሲጠብቅ መኖርን፣ ሲላላ መናገርን ያመለክታል፤ “ዋና”ም እንደዚሁ በሁለት መንገድ ይነበባል። አምስት አባላት ከአማርኛ መምህራችን ጋር ሆነው አንባቢው የሚሰናከልባቸውን ቃላት ከነአገባባቸው መዝግበዋል። የቃላት ዝርዝሩ ለድምፅ ሥርዓቱ አዘጋጆች ገና አልተላከም፤ ማጣራቱ ይቀራል።

ከዓመቱ ሥራ ሁሉ ልቤን የወሰደው ግን የጂኦሜትሪው ነው። ተማሪው በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሥዕል ሲመጣ ጓደኛው እስኪነግረው ድረስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር። አባላቱ በካርቶን ላይ ክር በሙጫ እየለጠፉ ሥዕሎቹን በጣት የሚነበቡ አደረጓቸው። ሦስት ማዕዘኑ መልካም ሆነ። የብሬል ፊደላቱ ለመስመሩ በጣም ሲቀርቡ ነጥቡ ከክሩ ጋር እንደሚምታታ ተረድተን አራቅናቸው። ኪዩቡ ላይ ግን ተሸነፍን፤ ከመጽሐፉ እንዳለ ገልብጠን ስንሰጠው በጣቶቹ ዳስሶት፣ “ይኼ ሁለት የተደራረበ አራት ማዕዘን ነው፤ ሳጥኑ የታለ?” ሲል ጠየቀ። ወረቀት ላይ ጥልቀትን የምናየው ዓይናችን ስለለመደው እንጂ በመስመሮቹ ውስጥ ስላለ እንዳልሆነ በ18 ዓመት የማስተማር ዘመኔ አስቤው አላውቅም ነበር። ለኪዩቡ የኖራ ጠመኔ ካርቶን ሰጠነው።

በመጋቢት ከኮምቦልቻ የመጡ ተማሪዎች የመዝገባችንን ገጾች ፎቶ ኮፒ አንሥተው ሄዱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ፖስታ ላኩልን፤ ውስጡ ቀጭን ጧፍ ነበረበት። ሙጫ ሲደርቅ መስመሩ ስለማይነቀል፣ በሰም የተነከረ ክር የሆነውን ጧፍ በመዳፋቸው አሙቀው ወረቀት ላይ ሲጫኑት እንደሚጣበቅና ሲፈልጉም ተላጦ ሌላ ቦታ እንደሚለጠፍ ጽፈዋል። ይህ ለውጥ ከእኛ ሐሳብ የራቀ ነገር አስገኘ። እስከዚያ ቀን ተማሪው እኛ የሣልንለትን ያነብ ነበር፤ በጧፉ ግን ራሱ ሣለ። በግንቦት አንድ ከሰዓት በኋላ በጠረጴዛው ላይ ሦስት ማዕዘን ሠርቶ፣ ከሦስቱም ጫፎች ወደ ተቃራኒው ጎን አጋማሽ መስመር ዘርግቶ፣ መስመሮቹ የተገናኙበትን ነጥብ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ጠራኝ። እጁ ላይ የሰም ሽታ ነበር። ነጥቡ በትክክል ቦታው ላይ ነበር።

ያልተፈታው የማዕዘን መለኪያው የፕሮትራክተሩ ጉዳይ ነው። በየ10 ዲግሪው ጥርስ ያወጣንለት ካርቶን በሳምንት አለቀ፤ ከቆርቆሮ የሠራነውም ቢሆን በጥርሶቹ መካከል ያለውን ማዕዘን አይነግረውም። በመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ላይ ተማሪው በብሬል የጻፈው ወረቀት በስቴፕለር ተያይዟል፤ “በ40 እና በ50 መካከል ያለውን በጣት እንዴት እናንብብ?” ይላል። ይህን ዘገባ ለማዘጋጀት በሰኔ መዝገቡን ስከፍት ከሥሩ ሁለት የመፍትሔ ሐሳቦች ተጽፈው አገኘሁ፤ አንደኛው ከኮምቦልቻ የመጣ ነው።