የተማሪዎች ደኅንነት ክበብ የዓመቱ ሥራ፦ ቆመው ለሚያዩት የተሰጠ ትኩረት

የተማሪዎች ደኅንነት ክበብ ዘንድሮ ያከናወነው ዋና ሥራ፣ በትምህርት ቤት የሚፈጸም ጉልበተኝነት በተማሪዎች የአእምሮ ጤናና በትምህርት ውጤታቸው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መመርመርና አባላቱ በራሳቸው አቅም ሊከላከሉት የሚችሉበትን መንገድ መለማመድ ነበር። በዓመቱ መጀመሪያ የቀረበው ዕቅድ በአመዛኙ አጥፊዎችን ስለ መቅጣትና ፖስተር ስለ መለጠፍ የሚያወሳ ነበር። ፖስተሮቹ ተለጥፈዋል፤ ስለ እነርሱ ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም።

የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ጉልበተኝነትን ከተራ ጠብና ከጓደኛሞች ቀልድ በመለየት ላይ አተኮሩ። ለዚህም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በስካንዲኔቪያ የጉልበተኝነትን ጥናት የጀመሩት ተመራማሪ ዳን ኦልዌየስ ያስቀመጧቸውን መለኪያዎች ተጠቀምን፤ እነርሱም ድርጊቱ ሆን ተብሎ መፈጸሙ፣ መደጋገሙና በሁለቱ ወገኖች መካከል የኃይል አለመመጣጠን መኖሩ ናቸው። ከሁሉ ያከራከረው ሦስተኛው ነው። አንዳንድ አባላት ኃይልን በጡንቻ ብቻ ሲለኩ፣ ሌሎች ብዙ ተከታይ ያለው ተማሪ ብቸኛውን፣ የሌላዋን ፎቶ በስልኳ የያዘች ተማሪም ባለ ፎቶዋን ልታስጨንቅ እንደምትችል አስረዱ። ልዩነቱ የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ እኩያሞች ሲጣሉ ማስታረቅ ይበጃል፣ አንዱ ሌላውን በሚያሳድድበት ጊዜ ግን ሁለቱን ፊት ለፊት አቁሞ “ታረቁ” ማለት ተበዳዩን ለባሰ ጫና ሊዳርገው ይችላል። ለእርቅ የምንቸኩል መምህራንም ይህን ልብ ብንለው መልካም ነው።

በትምህርት ውጤት ላይ የተደረገው ውይይት ፒሳ በተባለው ዓለም አቀፍ ምዘና ላይ ተመሠረተ። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ምዘና፣ በወር ቢያንስ ጥቂት ጊዜ ጉልበተኝነት እንደሚደርስባቸው የተናገሩ የ15 ዓመት ተማሪዎች፣ የቤተሰባቸው የኑሮ ደረጃ ከግምት ገብቶም፣ በንባብ ፈተና ከሌሎቹ በአማካይ 21 ነጥብ ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። አንዲት አባል ቀድሞውንም በትምህርቱ የደከመ ተማሪ ለመሳለቂያ ሊመረጥ አይችልምን ብላ ጠየቀች፤ ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ አኃዙ ብቻውን የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም አይነግረንም። ሆኖም ጉዳቱ የሚያልፍባቸው መንገዶች ይታወቃሉ፦ የተጎዳው ተማሪ ከክፍል ይቀራል፣ እንዳይሳቅበት እጁን ማውጣት ይተዋል፣ ከቡድን ሥራ ይሸሻል፣ እንቅልፍ አጥቶ ያደረ አእምሮውም ትምህርቱን አይቀበልም። ስለዚህ ድንገት ዝም ያለ ተማሪ ሰነፍ ከመባሉ በፊት ሊጠየቅ ይገባዋል።

የዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ ጉልበተኝነት ሲፈጸም ቆመው ለሚያዩት ተማሪዎች ዋለ። በካናዳ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተካሄደና በ2001 (እ.ኤ.አ.) በታተመ የምልከታ ጥናት፣ ሌሎች ልጆች ጣልቃ ከገቡባቸው አጋጣሚዎች ከግማሽ በሚበልጡት ድርጊቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። ኪቫ የተባለው የፊንላንድ መርሐ ግብርም በተመልካቾች ላይ የሚሠራ ነው፤ ነገር ግን ውጤቱ ከታናናሾቹ ይልቅ በከፍተኛ ክፍሎች ደክሞ ስለታየ ከእኛ ተማሪዎች ተአምር አልጠበቅንም። አባላቱ በአጫጭር ድራማዎች የተለማመዱት ከጉልበተኛው ጋር መጋጠምን ሳይሆን፣ አለመሳቅን፣ በክፍል የስልክ ግሩፕ የተለጠፈ ማዋረጃን ለሌላ አለማስተላለፍን፣ ተበዳዩን በሰበብ ጠርቶ ከቦታው ማውጣትንና በኋላ አብሮት መቀመጥን ነው።

ከሁሉ የከበደው ለመምህር መንገር ነበር፤ የሚናገር ተማሪ “አቃጣሪ” ይባላልና። በውይይቱ የጎላው ግን የስሙ ፍርሃት ሳይሆን፣ ጥቆማው ማን ዘንድ እንደሚደርስና የጠቋሚው ማንነት ተጠብቆ ስለመቆየቱ እርግጠኛ አለመሆን ነው። በመሆኑም ክበቡ ጥቆማ የሚቀበልና ውጤቱን የሚከታተል አንድ ተጠሪ መምህር እንዲመደብ፣ ተጠሪውም የተበዳዩን ውጤትና የመቅረት መዝገብ አብሮ እንዲያይ ለትምህርት ቤቱ አስተዳደር በጽሑፍ ጥያቄ አቅርቧል። በሚቀጥለው ዓመት የክበቡ የመጀመሪያ ሥራ፣ ማንንም ሳያውቁ ለሚገቡት አዲስ ተማሪዎች ከነባር አባላት አንድ አንድ ሰው መመደብ ይሆናል።